ከተሳቢነት ወደ ባለቤትነት፦ የልዕልት ፒች ግሦች

በአማርኛ ሰዋስው የአንድ ዓረፍተ ነገር አድራጊ «ባለቤት»፣ ድርጊቱ የሚያርፍበት ደግሞ «ተሳቢ» ይባላል። ሁለቱም ቃላት ከሰዋስው ክፍል ውጭ የራሳቸው ክብደት አላቸው። ባለቤት ማለት የሚያዝዝበት፣ ጉዳዩ የእሱ የሆነ ሰው ነው፤ ተሳቢ ማለት ደግሞ ሌላው የሚጎትተው ነው። «ባውዘር ልዕልቷን ጠለፈ፤ ማሪዮም ልዕልቷን አዳነ» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ኒንተንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በማሪዮ ስም ካወጣቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች የብዙዎቹን ታሪክ ጠቅልለው ይይዛሉ። ባለቤቱ ከአንዱ ዓረፍተ ነገር ወደ ሌላው ይለወጣል፤ ተሳቢዋ ግን በሁለቱም አንድ ናት።

ይህ አጭር ጽሑፍ ያቺ ተሳቢ፣ ልዕልት ፒች፣ በስሟ በተሰየመ ጨዋታ ዋና ገጸ ባሕርይ ስትሆን ምን እንደሚለወጥና ምን ሳይለወጥ እንደሚቀር ይመረምራል። ስለ ሴት ገጸ ባሕርያት የሚደረገው ውይይት ዘወትር ወደ ቆጠራ ያዘነብላል፤ ስንት ጨዋታ በሴት ይመራል የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ቆጠራው አስፈላጊ ቢሆንም በቂ ነው ብዬ አላምንም። የልብ ወለድ አንባቢ ጀግናዋ ደፋር መሆኗን ከተራኪው ሊሰማ ይችላል። ተጫዋች ግን የሚያውቃት አዝራሩን ሲጫን በምታደርገው ነገር ነው። ስለዚህ ከባለቤቱ ባሻገር ግሡን መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ምን ታደርጋለች? ያ ግሥስ ከየት መጣላት? (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በተለየ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው «ዶንኪ ኮንግ» ነው። ሺጌሩ ሚያሞቶ በነደፈው በዚህ ጨዋታ አንድ ግዙፍ ዝንጀሮ አንዲትን ሴት ይዞ በብረት ማማ ላይ ይወጣል፤ በኋላ ማሪዮ የተባለው ሰው እየዘለለ ይከተላል። ሴቲቱ ከላይ ቆማ እርዳታ ትጠራለች፤ ከዚያ ያለፈ ተግባር የላትም። በ1985 «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ሲወጣ ቦታውን የያዘችው ልዕልቲቱ ከዚያም ያነሰ ድርሻ ደረሳት። ተጫዋቹ ሰባት ግንቦችን ሰብሮ ሲገባ በእያንዳንዱ መጨረሻ የሚያገኘው ልዕልቷ ሌላ ቦታ መሆኗን የሚነግረው አገልጋይ ነው። እሷ የምትታየው በስምንተኛው ግንብ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ነው። ለጉዞው ሁሉ ምክንያት ሆና ሳለ በጉዞው ውስጥ የለችም።

«ጠለፈ» የሚለውን ግሥ በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ ጃፓናዊው ነዳፊ ያላሰበውን ነገር ይዘን እንመጣለን። በእኛ አገር ጠለፋ የተረት ቃል ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሴቶች የጋብቻ ታሪክ መነሻ ሆኖ የኖረ ድርጊት ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ መንገድ ካገባ ከክስ እንዲያመልጥ መንገድ ይከፍት ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶ፣ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። ይህን የሚያውቅ አንባቢ በ2017 የወጣውን «ሱፐር ማሪዮ ኦዲሲ» በሌላ ዐይን ነው የሚያየው። በዚያ ጨዋታ ባውዘር ፒችን የሚጠልፋት በግድ ሊያገባት ነው፤ የሠርግ ልብስ፣ ቀለበትና የሠርግ ድግስ ከየአገሩ ይዘርፋል። በመጨረሻ ጠላፊውም አዳኙም እኩል አበባ ይዘው ሲቀርቧት ሁለቱንም ትታ ወደ መርከቡ ትሄዳለች። ከዚያም በኋላ ተጫዋቹ በየአገሩ ለጉብኝት ስትዞር ያገኛታል። በተከታታዩ ጨዋታዎች ውስጥ ካየኋቸው ትዕይንቶች ሁሉ «እምቢ አለች» የሚለውን ግሥ በግልጽ የሰጣት ይህ ነው። የሚያሳዝነው ተጫዋቹ ግሡን አለመጫወቱ ነው፤ እምቢታው የሚታይ እንጂ የሚጫኑት አዝራር አይደለም።

ልዕልቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ግሥ ያገኘችው በአጋጣሚ ነበር ማለት ይቻላል። በ1988 በሰሜን አሜሪካ የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 2» ከአንድ ዓመት በፊት በጃፓን ታትሞ የነበረና ከማሪዮ ጋር ግንኙነት ያልነበረው «ዶኪ ዶኪ ፓኒክ» የተባለ ጨዋታ ነው፤ ኩባንያው ገጸ ባሕርያቱን ለውጦ አቀረበው። በመጀመሪያው ጨዋታ አራት ተመራጭ ገጸ ባሕርያት ነበሩና ለአራቱም ምትክ ሲፈለግ ሊና የተባለችው ልጃገረድ ቦታ ለፒች ደረሳት። ሊና ዘልላ በአየር ላይ ለጥቂት ጊዜ ትንሳፈፍ ነበር፤ ፒችም ችሎታውን ወረሰች። ይህ መንሳፈፍ ዛሬም መለያዋ ነው፤ በ2013ቱ «ሱፐር ማሪዮ 3ዲ ወርልድ» ውስጥም ይገኛል። ሰፊ ገደል ለመሻገር የሚቸገር ጀማሪ ተጫዋች እሷን ይመርጣል። ማንም «ሴት ስለሆነች ትንሳፈፋለች» አይልም፤ ገደሉን የሚያሻግር ችሎታ ነው፣ በቃ።

በስሟ የተሰየመው የመጀመሪያ ጨዋታ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። «ሱፐር ፕሪንሰስ ፒች» በኒንተንዶ ዲኤስ መጫወቻ ላይ በጃፓን በጥቅምት 2005፣ በሰሜን አሜሪካ በየካቲት 2006 ወጣ፤ የሠራው ቶሴ የተባለ የጃፓን ድርጅት ነው። ታሪኩ የተለመደውን ዓረፍተ ነገር ይገለብጣል፦ ባውዘር ማሪዮንና ወንድሙን ሉዊጂን ይማርካል፤ ልዕልቷ ልታድናቸው ትነሣለች። ባለቤቷ አሁን እሷ ናት። መሣሪያዋ ፔሪ የሚባል ተናጋሪ ጃንጥላ ሲሆን፣ ኃይሏ ደግሞ አራት ስሜቶች ናቸው፤ ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣና እርጋታ። በመንኪያ ስክሪኑ ላይ ካሉት አራት ልቦች አንዱ ሲነካ ስሜቷ ይቀየራል። ስትደሰት ነፋስ ከብቧት ወደ ላይ ትበራለች፤ ስታዝን እንባዋ እየረጨ ትሮጣለች፣ ተክልም ያጠጣል፤ ስትቆጣ እሳት ሆና ያገኘችውን ታቃጥላለች፤ ስትረጋጋ ጉዳቷ ይድናል።

ወቀሳው ጨዋታው ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፦ ሴት ጀግና ስትሆን ኃይሏ ማልቀስና መበሳጨት መሆኑ «ሴት በስሜቷ ትነዳለች» የሚለውን አሮጌ አባባል በጨዋታ መልክ ማተም ነው። ሆኖም ወቀሳውን ከመቀበል በፊት የተቃራኒውን ወገን ክርክር በሚገባ ማድመጥ ተገቢ ነው። አንደኛ፣ ፒች በስሜቷ አትነዳም፤ ስሜቷን ራሷ ትመርጣለች፤ ተጫዋቹ መቼ መቆጣት መቼ ማዘን እንደሚገባ እየመዘነ ይጫወታል። ይህ ከመነዳት ይልቅ ለመግዛት ይቀርባል። ሁለተኛ፣ እንባ ተክል ማጠጣቱ፣ ሐዘን ሩጫ ማፍጠኑ በራሱ ውብ ሐሳብ ነው፤ በለቅሶ ባህል ውስጥ ላደግን ሰዎች እንባ ሥራ ይሠራል የሚለው እንግዳ አይሆንብንም። ሦስተኛ፣ የማሪዮ ግሥም ቢሆን «ዘለለ» ብቻ አይደለምን? ለእሱ ያልተጠየቀ ጥልቀት ለእሷ ለምን ይጠየቃል?

የመጨረሻው ጥያቄ ጠንካራ ነው፤ መልሱም እዚያው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ማሪዮ የሚዘልለው ወንድ ስለሆነ አይደለም። መዝለል ከጾታው ጋር ስለማይታሰር ገጸ ባሕርዩን ማንም ሊለብሰው ይችላል። የፒች እንባ ግን ከሴትነቷ ተቀድቶ የተሰጣት ነው፤ ማሪዮ ጀግና በሆነባቸው በርካታ ጨዋታዎች አልቅሶ በር እንዲከፍት ያሰበ አልነበረም። ከዚህ ሌላ ብዙ ያልተነገረለት አንድ ነጥብ አለ። ጨዋታው በዓለሞቹ መካከል ያለፈ ሕይወትን በሕልም መልክ ይተርካል፤ ሕልሙ ግን የጃንጥላው የፔሪ ነው። ፔሪ ቀድሞ ልጅ እንደነበር፣ በአስማት ጃንጥላ እንደሆነ የምንረዳው በእነዚህ ሕልሞች ነው። የራሷ ጨዋታ ውስጥ እንኳ ትዝታ ያለው መሣሪያዋ ነው፤ እሷ ስሜት እንጂ ትዝታ አልተሰጣትም።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ጨዋታዋ እስኪመጣ ከ18 ዓመት በላይ አለፈ። በመካከሉ፣ በ2009፣ አራት ሰዎች አብረው የሚጫወቱት የማሪዮ ጨዋታ ሲወጣ ፒች ከአራቱ ውስጥ አልነበረችም፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቦታ ሁለት አገልጋዮች ያዙት። ሚያሞቶ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ቀሚሷ ለሥዕል እንቅስቃሴ የተለየ ሥራ የሚጠይቅ መሆኑ ነበር።

«ፕሪንሰስ ፒች፦ ሾውታይም!» በመጋቢት 2024 ሲወጣ ማሪዮም ባውዘርም በታሪኩ ውስጥ የሉም። ጉድ ፊል በተባለው ድርጅት የተሠራው ይህ ጨዋታ የሚካሄደው በአንድ ቴአትር ቤት ውስጥ ነው። ክፉዋ ማዳም ግሬፕ ቴአትር ቤቱን ስትቆጣጠር የየተውኔቱ መሪ ተዋንያን ይታሰራሉ፤ ፒችም የእነሱን ልብስ ለብሳ ተውኔቱን ታስቀጥላለች። አሥር ሚናዎች አሏት፤ ሰይፈኛ፣ መርማሪ፣ ኬክ ጋጋሪ፣ የኩንግ ፉ ተፋላሚ፣ ኒንጃ፣ ፈረሰኛ ከብት ጠባቂ፣ የበረዶ ላይ ጨፋሪ፣ የባሕር ሴት፣ ልዕለ ኃያል ጀግናና ረቂቅ ሌባ ትሆናለች። የ2005ቱ ወቀሳ እዚህ መልስ አግኝቷል። እንባ የለም፤ ግሦቹ «ወጋች»፣ «መረመረች»፣ «ጋገረች»፣ «ጋለበች» ሆነዋል። ቀሚሷ ችግር ነው የተባለላት ልዕልት በልብስ ለውጥ ኃይል ማግኘቷም ደስ ያሰኛል።

ነገር ግን አሥሩም ግሦች የተዋሱ ናቸው። ሚናው የታሰረችው ተዋናይ ነው፤ የእያንዳንዱ ሚና የመጨረሻ ክፍል ባለሚናዋን ከምድር ቤት ነፃ ማውጣት ነው። ከዚህም በላይ ሁሉም ችሎታዎች በመሠረቱ በመዝለያውና በአንድ ሌላ አዝራር የሚከናወኑ ስለሆኑ ሰይፉም ኬኩም በጣት ላይ ተቀራራቢ ስሜት ይሰጣሉ። ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ተጫውቼዋለሁ፤ ያስደስታል፣ ለልጆችም ይመቻል። ሆኖም አሥር ልብስ ስትቀያይር ካየሁ በኋላ ልብሱን ስታወልቅ የምታደርገው የራሷ ነገር ምን እንደሆነ ለመናገር ተቸግሬያለሁ።

ንጽጽሩን የሚያሰላው በዚያው ዓመት በመስከረም የወጣው «የዜልዳ አፈ ታሪክ፦ የጥበብ ማሚቶዎች» ነው። ከ1986 ጀምሮ በልዕልት ዜልዳ ስም የሚጠሩት ዋና ዋናዎቹ ጨዋታዎች ጀግና ሊንክ የተባለው ወጣት ነው። በዘጠናዎቹ የፊሊፕስ ኩባንያ መጫወቻ ላይ ዜልዳን የመሩ ጨዋታዎች ቢኖሩም ኒንተንዶ ራሱ የሠራቸው አልነበሩም። በዳይሬክተር ቶሞሚ ሳኖ፣ በተከታታዩ የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር፣ የተመራው ይህ ጨዋታ መሪነቱን ለዜልዳ ሲሰጥ ሰይፉን አብሮ አላስረከባትም። የእሷ ግሥ «ቀዳች» ነው፤ ያየችውን ጠረጴዛ፣ ሣጥን፣ አልጋ ወይም ያሸነፈችውን ጭራቅ ቅጂ እንደገና ትፈጥራለች። አልጋ በአልጋ ላይ ደርድራ ግንብ ትወጣለች፤ ስትጎዳም በዚያው አልጋ ተኝታ ታገግማለች። የሊንክን ሰይፍ ለአጭር ጊዜ መያዝ ትችላለች፤ ግን ኃይሉ ቶሎ ያልቃል። ሰይፉ ውሰት፣ አልጋው የራሷ ነው። ይህ ግሥ ከሴትነት አልተቀዳም፤ ከወንድ ጀግናም አልተወረሰም። ተጫዋቹ ዜልዳን የሚያስታውሳት በዘዴዋ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ ተመራማሪ በዚህ መስክ ሊያዋጣው የሚችለው አንድ ነገር እዚህ ላይ ይታየኛል፤ ቋንቋችን ጾታን በግሡ ላይ ይጽፋል። በ1986 የወጣው «ሜትሮይድ» ጀግናውን ሳሙስ አራንን በጠፈር ልብስ ሸፍኖ ያቀርባል፤ ሴት መሆኗ የሚታወቀው ጨዋታውን በፍጥነት ለጨረሰ ተጫዋች በመጨረሻ ነው። ጃፓንኛ ግሥን በጾታ ስለማያረባ ምሥጢሩን ያለ ችግር መያዝ ይችላል። የእንግሊዝኛው መመሪያ ደግሞ ሳሙስን በወንድ ተውላጠ ስም ጠርቶ ዋሸ። መመሪያውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ገና በመጀመሪያው ገጽ «ይዘላል» ወይስ «ትዘላለች» ብሎ መወሰን አለበት፤ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ምሥጢሩን ያወጣል፣ አለበለዚያም ጠፈር ለጠፈር እየዞሩ ጭራቅ የሚያድኑትን ተዋጊ ከዳር እስከ ዳር አንቱ ብሎ ይጠራል።