እጅ ሲታጠቡ 20 ሰከንድ ለምን ያስፈልጋል?

«እጅዎን በሳሙናና በውኃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠቡ» የሚለው ምክር ኮቪድ-19ን ለመከላከል በተደጋጋሚ ይነገራል። የጊዜው ምክንያት ቆዳና ውኃ በሚገናኙበት ገጽ ላይ በሚከናወን፣ በዓይን በማይታይ ሥራ ውስጥ ይገኛል።

ቆዳችን የተፈጥሮ ቅባት አለው። ቫይረሱም ከዚህ ቅባትና ከእድፍ ጋር ተጣብቆ ሊቆይ ይችላል። ውኃና ቅባት ስለማይዋሐዱ፣ ውኃ ብቻውን ጥቂቱን ቢያነሣም ቀሪው እንደተጣበቀ ይቆያል።

የሳሙና ሞለኪውል፣ ማለትም እጅግ ጥቃቅን የሆነው የሳሙና ቅንጣት፣ ሁለት ጫፎች አሉት፤ አንደኛው ውኃን፣ ሌላኛው ቅባትን ይስባል። ሳሙናው ቆዳው ዘንድ ሲደርስ ቅባት ሳቢው ጫፍ በቅባቱ ላይ ይለጠፋል፤ ውኃ ሳቢው ወደ ውኃው ይዞራል። ሞለኪውሎቹ በዚህ መልክ እየተደረደሩ ቅባቱን ከቆዳው ያላቅቁታል፤ ከብበውትም በውኃ እንዲወሰድ ያደርጋሉ። የኮሮና ቫይረስም በቅባት ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ ያህል ነው። ሳሙናው በሽፋኑ መካከል ሲሰገሰግ ሽፋኑ ይፈርሳል፤ ቫይረሱም በሽታ የማስተላለፍ ዐቅሙን ያጣል።

ይህ ሁሉ በቅጽበት አይፈጸምም። ከላይ ያለው ውኃ ቢፈስም፣ ቆዳን የሚነካው ስስ የውኃ ንጣፍ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሞለኪውሎቹ ይህን ንጣፍ የሚያቋርጡት ቀስ በቀስ ነው፤ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር ደግሞ መድረሱ ይበልጥ ይከብዳል። እጅን ማሸት ንጣፉን ያናውጠዋል፤ አዲስ ሳሙና ወደ ቆዳው ያቀርባል፤ የተላቀቀውንም እድፍ ያርቃል።

ስለዚህ ዋናው ነገር ሳሙናው፣ ማሸቱና ጊዜው እንጂ የውኃው ብዛት አይደለም። ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤት ይህን ማወቅ እጅግ ይጠቅማል። አታጣጠቡም እንደሚከተለው ነው፦

• እጅዎን አርጥበው ሳሙና ይቀቡ፤
• ቧንቧውን ይዝጉ ወይም ማንቆርቆሪያውን ያስቀምጡ፤
• መዳፍዎን፣ የእጅዎን ጀርባ፣ የጣቶችዎን መካከል፣ አውራ ጣትዎንና የጥፍርዎን ሥር ለ20 ሰከንድ ይሹ፤
• በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይለቅለቁ፤ በንጹሕ ፎጣ ወይም በአየር ያድርቁ።

ውኃው ቀዝቃዛ ቢሆንም ሳሙናው ይሠራል። አረፋ የማያወጣ ውኃ ሲያጋጥም፣ በውኃው ያሉት ካልሲየምና ማግኒዥየም ከሳሙናው ከፊሉን ስለሚይዙት፣ አረፋ እስኪታይ ድረስ ሳሙና መጨመር ይገባል።

ሳይታሽ የተለቀለቀ እጅ ንጹሕ ቢመስልም፣ ቫይረሱን ወደ ማዕድ፣ ወደ ሕፃናትና ወደ አረጋውያን ሊያደርስ ይችላል።