በስም ውስጥ ያለ ምልክት በመረጃ ቋት እንዴት ይመዘገባል?

በቦሌ ክፍለ ከተማ ወረዳ ጽሕፈት ቤትም ሆነ በበይነ መረብ ቅጽ ስሙን በላቲን ፊደል የሚያስመዘግብ ተገልጋይ፣ በስሙ ውስጥ ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ (') ካለ ቅጹ አልቀበልም ሊለው ይችላል። በአፋን ኦሮሞ ሁዻ የሚባለው ይህ ምልክት ጌጥ አይደለም። ቀነኣ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ አናባቢዎቹን የሚለያያቸው እርሱ ነው፤ መዓዛን የመሳሰሉ ስሞችም በላቲን ሲጻፉ ብዙ ጊዜ ይገባባቸዋል።

የችግሩ ምንጭ ስሙ ሳይሆን የፕሮግራሙ አሠራር ነው። ብዙ የመረጃ ቋቶች የሚታዘዙበት ኤስኪውኤል የተባለው የመጠይቅ ቋንቋ፣ ጽሑፍ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚለየው በዚሁ ምልክት ነው። ስሙ (እዚህ በግእዝ ፊደል ቢታይም) 'ቀነ'ኣ' ተብሎ ሲላክ ሥርዓቱ «ቀነ» ላይ ያበቃ ይመስለዋል፤ የተረፈውን እንደ ትእዛዝ ለማንበብ ሞክሮ ሥራውን ያቋርጣል። ይኸው ክፍተት ለአጥቂም በር ይከፍታል፤ በስም ቦታ ትእዛዝ ጽፎ የሌሎችን መዝገብ ለማየት ወይም ለማጥፋት ይሞክራል።

የቋንቋው ደንብ ምልክቱን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው፦ 'ቀነ''ኣ'። በመዝገቡ የሚቀመጠው ግን አንዱ ብቻ ነው። ማይኤስኪውኤል በተባለው ቋት ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ (\) ማስቀደምም ይሠራል። በዚህም የተነሣ ገ/ማርያምን በስሕተት ገ\ማርያም ብሎ የጻፈ ሰው፣ ጥንቃቄ በጎደለው ፕሮግራም ስሙን «ገማርያም» ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ከሁሉም የሚሻለው ትእዛዙንና የተገልጋዩን መረጃ ለየብቻ መላክ ነው፤ ያኔ ማንኛውም ምልክት እንደ ተራ ፊደል ያልፋል። ምልክቱን ከስም መሰረዝ ግን መፍትሔ ሊባል አይገባም። በአንዱ መዝገብ ተሰርዞ በሌላው ከቀረ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የነዋሪነት መታወቂያ የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ።

ተገልጋዮች የታተመላቸውን ወረቀት ከመረከባቸው በፊት ስማቸውን ፊደል በፊደል ሊመለከቱ ይገባል። ምልክቱ ተደጋግሞ ወይም \ ተጨምሮበት ከወጣ የፕሮግራም ስሕተት በመሆኑ እዚያው እንዲታረም መጠየቅ ይገባል። በስልክ የሚጻፈው ጠመም ያለ ምልክት (’) ለኮምፒውተር ከቀጥተኛው የተለየ ነው፤ በሁሉም ቅጾች አንዱን ብቻ መጠቀም ይመረጣል። «ገብረ»ም ሳያጥር በሙሉ ይጻፍ።

በፓስፖርት ግርጌ ባሉት በማሽን በሚነበቡ ሁለት መስመሮች ምልክቱ አይገኝም። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰነድ ቁጥር 9303 እንዲተው ስለሚያዝ፣ በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጓዝ ሰው ይህን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ፓስፖርቱን ለማስለወጥ ማመልከት አያስፈልገውም።