ወደ ደብረ ዳሞ በጠፍር

ከአዲግራት ወደ ዐድዋ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው፥ ብዘት ከምትባለው ከተማ ገደማ ሲደርስ ወደ ሰሜን ቢመለከት፥ ዙሪያው እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የቆመ፥ ራሱ ግን ጠፍጣፋ የሆነ አምባ ያያል። ይህ ደብረ ዳሞ ነው። ደረጃ የለውም፤ እንግዳም መነኩሴም ወደ ላይ የሚወጣው በጠፍር ነው።

ከገደሉ ሥር ለደረሰ ጎብኚ ከላይ ያሉት መነኮሳት ጠፍር ይለቁለታል። አንዱን በወገቡ ይታጠቃል፤ ሁለተኛውን ጨብጦ እግሩን ከዓለቱ እያሳረፈ ይወጣል። ገደሉ ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል ነው። ቍጥሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ የቢሮ ወንበር የለመደ ክንድ ግን ከመካከል ሳይደርስ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ገዳሙን የመሠረቱት በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን ከመጡት ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ናቸው። አባቶች እንደሚተርኩት፥ አቡኑ ከገደሉ ሥር ቆመው መውጫ ባጡ ጊዜ፥ አንድ ታላቅ ዘንዶ በፈጣሪ ትእዛዝ ወርዶ ወገባቸውን ጠምጥሞ ወደ ላይ አወጣቸው፤ ቅዱስ ሚካኤልም ዘንዶው እንዳይጐዳቸው ሰይፉን መዝዞ ይጠብቃቸው ነበር። የዛሬው ጠፍር የዚያ ዘንዶ መታሰቢያ ነው ይላሉ። በትምህርት ቤት ያለፈ ወጣት ይህን ሲሰማ ፈገግ ይል ይሆናል። ፈገግታው አይከለከልም፤ ነገር ግን ከላይ ጠፍር የሚለቅለት ሰው ሳይኖር የመጀመሪያው ሰው በምን ወጣ? ብሎ ራሱን ይጠይቅ። አፈ ታሪኩ መልስ የሚሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነው።

ከዘንዶው ይልቅ የሚያስገርመው ግን ሁለተኛው ትረካ ነው። ዐፄ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሠሩ ድንጋይና እንጨት የሚወጣበት መወጣጫ ተሠርቶ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ንጉሡ መወጣጫው ምን ይሁን ብለው ቢጠይቁ፥ አቡኑ በግዕዝ «ዳሕምሞ»፥ ማለት «አፍርሰው» አሉ፤ ዳሞ የሚለው ስምም ከዚህ ወጣ ይባላል። እንግዲህ ችግሩ የቀረላቸው ሰዎች ችግሩን ራሳቸው መልሰው መረጡት ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ ከቆሙት የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት እጅግ ከቀደሙት አንዱ ነው። ግድግዳው ድንጋይና እንጨት እየተነባበረ የተሠራ ሲሆን፥ የእንጨቶቹ ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ብቅ ይላል፤ ይኸውም «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው ነው። የአክሱምን ሐውልት ያየ ሰው በድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ክብ ክብ ምልክቶች ያስታውስ፤ በዚያ በድንጋይ የተመሰለው በዚህ በእንጨት ይገኛል። ጣሪያው ልዩ ልዩ አራዊት የተቀረጹበት ነው። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ዴሬክ ማቲውስ የተባለ እንግሊዛዊ የሕንፃ ባለሙያ አድሶታል። ከዚያም ስምንት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ አንቶኒዮ ሞርዲኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ተመራማሪ ከመቶ የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች በገዳሙ መገኘታቸውን አስታውቋል፤ ሳንቲሞቹም በሰሜን ሕንድ የነበረው የኩሻን መንግሥት ናቸው። ከአቡነ አረጋዊ ዘመን ሦስት መቶ ዓመት ያህል የሚቀድም ገንዘብ ነው። የአዱሊስ ንግድ እስከ የት ይደርስ እንደ ነበረ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

የፈረሰው መወጣጫ ጥቅም በግልጥ የታየው የኢማም አሕመድ ሠራዊት አብዛኛውን አገር በያዘበት ዘመን ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1533 ዓ.ም. ያረፉት በደብረ ዳሞ ነው። እቴጌ ሰብለ ወንጌልም በአምባ ላይ ተጠልለው ሳሉ፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር የመጡት ፖርቱጋሎች ተቀብለዋቸዋል፤ ያ አምባ ደብረ ዳሞ እንደ ነበረ ይታመናል። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ጊዜ ግን ገዳሙ በከባድ መሣሪያ እንደ ተመታና እንደ ተዘረፈ ተዘግቧል። ከሩቅ ለሚተኩስ፥ የጠፍሩ አለመኖር ምን ይከለክለዋል?

ሴት ልጅ ወደ አምባው አትወጣም፤ ከእንስሳም ቢሆን እንስቷ አትፈቀድም። ከእቴጌይቱ ታሪክ ጋር ይህ እንዴት እንደሚስማማ እኅቶቻችን ተማሪዎች ቢጠይቁ ተገቢ ነው። የአቡኑ እናት ቅድስት እድና እንኳ ልጃቸውን ተከትለው መጥተው ከተራራው ሥር መንኵሰው እንደ ኖሩ ይተረካል። በየዓመቱ ጥቅምት 14 ቀን የአቡኑ በዓል ሲከበር ወንዶቹ በጠፍር ይወጣሉ፤ ሴቶቹም እድና በኖሩበት በገደሉ ግርጌ ቆመው ይጸልያሉ።