ለሽግግር ቀፎ ሥራ የክብ መጋዝ ስለት አመራረጥ

1. መግቢያ

የሽግግር ቀፎ በአካባቢ ከሚገኝ ጣውላ በማኅበር ደረጃ ሊሠራ የሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኬንያ የተስፋፋው የዚህ ቀፎ ጎኖች ከወለሉ ጋር 120 ዲግሪ ያህል ማዕዘን እየሠሩ ወደ ውጭ ያዘነብላሉ። ስለዚህ አብዛኛው ቆረጣ ሰያፍ ነው። ሰያፉ ከተዛባ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ በክፍተቱም ጉንዳንና የሰም እራት ይገባሉ። ንቦቹ ቀዳዳ ሲደፍኑ ይውላሉ፤ ችግሩ ሲከፋም ኅብረ ንቡ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በአናጢው ይመካኛል። ነገር ግን ለሥራው የማይስማማ ስለት ከተገጠመ ጎበዝ አናጢም አጥርቶ ሊቆርጥ አይችልም።

2. ሁለቱን ቆረጣዎች መለየት

ሀ. የጎን ጣውላ ጠርዝ፦ ስለቱ በ30 ዲግሪ አዘንብሎ ጣውላው በቁመቱ ይሰነጠቃል። ቆረጣው የእንጨቱን ቃጫ ይከተላል።

ለ. የፊትና የኋላ ጣውላ፦ ጫፎቹ በ30 ዲግሪ ሰያፍ ይቆረጣሉ። እዚህ ስለቱ ቃጫውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ጠርዙ በቀላሉ ይሰነጣጠራል።

3. የጥርስ ብዛትና ቅርጽ

ከዚህ በታች ያለው ቁጥር 250 ሚ.ሜ ስፋት ላለው ስለት ነው።

ሀ. በቁመት ለመሰንጠቅ ከ24 እስከ 30 ጥርስ። ጥርሶቹ አናታቸው ጠፍጣፋ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ሰፊ ስለሆነ ሰጋቱራውን ቶሎ ያወጣሉ።

ለ. በአግድም ለመቁረጥ ከ60 እስከ 80 ጥርስ። ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ተስለው ቃጫውን እንደ ቢላዋ አስቀድመው ይቆርጣሉ።

ሐ. ለሁለቱም ሥራ ከ40 እስከ 50 ጥርስ።

ጥርስ የበዛበትን ስለት ለስንጠቃ ማዋል አይገባም። ሰጋቱራው መውጫ ስለሚያጣ ስለቱ ይግላል፤ እንጨቱም ይጠቁራል። በአንጻሩ 24 ጥርስ ያለው ስለት በአግድም ሲቆርጥ ጠርዙን ይቦጫጭቃል።

4. ውፍረት፣ ቀዳዳና የዙር ፍጥነት

ስስ ስለት እንጨትና ጉልበት ይቆጥባል፤ ነገር ግን በሰያፍ ቆረጣ ወደ ጎን ስለሚገፋ በቀላሉ ይጎብጣል። የመጋዙ ማዕዘን በትክክል ተስተካክሎ ሳለ ቆረጣው የሚዛባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በተለይ እንደ ባሕር ዛፍ ላለ ጠንካራ እንጨት 3 ሚ.ሜ ያህል የሚቆርጥ ስለት ይመረጣል።

የስለቱ ቀዳዳ በዘንጉ ላይ ልክ መግጠም አለበት፤ ሰፊ ሆኖ የሚወዛወዝ ስለት አይገጠም። በስለቱ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር ፍጥነት ከመጋዙ ፍጥነት ማነስ የለበትም።

5. የማዕዘን ፍተሻ

በ30 ዲግሪ ሰያፍ ቆረጣ የ1 ዲግሪ ስሕተት 300 ሚ.ሜ ወርድ ባለው ጣውላ ላይ 7 ሚ.ሜ ያህል ያሳጣል። ስለዚህ ዋናው ጣውላ ከመቆረጡ በፊት በቁራጭ እንጨት መሞከር ያስፈልጋል። ወርዱ 200 ሚ.ሜ የሆነ ቁራጭ በ30 ዲግሪ ከተቆረጠ በኋላ ስኳድራ ይደገፍበት። ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ ሰያፉ 115 ሚ.ሜ ተኩል ያህል መሸሽ አለበት። ልኬቱ ከበለጠ ማዕዘኑ ይቀነስ፤ ካነሰ ይጨመር።

6. አጠቃቀምና ጥንቃቄ

ሀ. በጠረጴዛ መጋዝ ሲቆረጥ የጣውላው መልካም ገጽ ወደ ላይ፣ በእጅ በሚያዝ ክብ መጋዝ ሲቆረጥ ግን ወደ ታች ይሁን። ጥርሶቹ የሚወጡበት ገጽ ይበልጥ ይሰነጣጠራልና።

ለ. በጠረጴዛ መጋዝ ጠርዝ ሲሰነጠቅ ስለቱ ከመምሪያው ተቃራኒ ወደሆነው ወገን ያዘንብል። ወደ መምሪያው ካዘነበለ ጣውላው በመካከል ተይዞ ወደ ሠራተኛው ሊወረወር ይችላል።

ሐ. እንጨቱ ከጠቆረ፣ ከጨሰ ወይም ለመግፋት ከከበደ መጋዙ ይቁም። ስለቱ ሙጫ ይዞ እንደሆነ ተፈትቶ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ደንዝዞ እንደሆነ ይሳል።

መ. ስለት ከመለወጡ በፊት መጋዙ ከኤሌክትሪክ ይነቀል። የስለቱ መከለያ አይነሣ፤ የዓይን መከላከያ ይደረግ፤ በሚዞር ስለት አጠገብ ጓንት አይለበስ።

7. ማጠቃለያ

ማኅበሩ ለሁለት ስለት የሚበቃ ገንዘብ ካለው አንድ ባለ 24 እና አንድ ባለ 60 ጥርስ እንዲገዛ እንመክራለን። ለአንድ ብቻ ከሆነ ባለ 40 ጥርሱ ይሻላል፤ ሆኖም በአግድም ሲቆረጥ እንጨቱ በዝግታ መገፋት አለበት። የልማት ሠራተኞች ማኅበራትን ሲያማክሩ ከዋጋው በፊት የጥርሱን ብዛት፣ የቀዳዳውን ልክና የዙሩን ፍጥነት እንዲመለከቱ ቢያሳስቡ፣ ማኅበሩ ለጣውላ ያወጣው ገንዘብ በከንቱ አይባክንም።