እጀ ጠባብና ቁራኛ፤ ስለ ኳንተም የሙያ ቃላት አሰያየም

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል የዶክትሬት ጥናት ከሚደረግባቸው ዘርፎች አንዱ ኳንተም ኦፕቲክስ ነው። የክፍሉ መምህር ፍሥሐ ካሣሁን በዘርፉ የጻፉት መማሪያ በ2008 እ.ኤ.አ.፣ የስንታየሁ ተስፋ መጽሐፍ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትመዋል፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ናቸው። እንግዲህ ከድብ ባሕር ተነሥቶ፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ፣ በደባርቅና በጎንደር በኩል አልፎ ለዚህ ጥናት የበቃ ተማሪ፣ አባቱ «ልጄ፣ የምትማረው ምንድን ነው?» ቢሉት በምን ቃል ይመልስ?

«ኳንተም» እንዳለ ቢያዝ ይሻላል። ላቲኑ «ምን ያህል» ማለት ነው፤ ሆኖም «መጠን»ም «ቅንጣት»ም በሳይንስ አማርኛ ሌላ ሥራ ይዘዋል።

አስቸጋሪው እንግሊዝኛው «የተጨመቀ» የሚለው የብርሃን ዓይነት ነው። «ጭምቅ ብርሃን» ማለት ይቀናል፤ ግን በአማርኛ የተጨመቀ ነገር ጭማቂው ወጥቶለታል፤ «ጭምቅ ሐሳብ»ም ትርፉ ተትቶ ፍሬ ነገሩ የቀረ ነው። አንባቢው የደመቀ፣ የጠነከረ ብርሃን ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ማንኛውም ብርሃን ፈጽሞ የማይወገድ መዋዠቅ አለው፤ ይህም በሁለት ተጓዳኝ መለኪያዎች ይታያል። እዚህ ላይ የአንደኛው መዋዠቅ ከተለመደው ወለል በታች ሲወርድ የሁለተኛው የግድ ይጨምራል። አየር የሞላ ስልቻ በአንድ ጎን ሲጫኑት በሌላው ይነፋል እንጂ ከውስጡ የሚወጣ የለም። የስበት ሞገድን የሚለካው የአሜሪካው ላይጎ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቅኝቱ የተጠቀመው በዚሁ ነው። ስለዚህ በ«እጀ ጠባብ» አምሳል «መዋዠቀ ጠባብ ብርሃን» ብንል እመርጣለሁ፤ እጀ ጠባብም እጁ ብቻ ነው የጠበበው።

የሁለት ቅንጣቶች ሁኔታ ለየብቻ ሊገለጽ የማይቻልበትን ክሥተት አንዳንዶች «ጥልፍልፍ» ይሉታል። የተጠላለፈ ክር ግን ቢፈታ ያው ክር ነው፤ ቃሉም ውስብስብነትን እንጂ አንድነትን አያመለክትም። «ትስስር» ደግሞ ለተራው ዝምድና ይቅር፤ የመመረቂያው ድርሰት ሁለቱን መለየት አለበትና። «ቁርኝት» ይበልጣል። በጥንቱ ሙግት ተሟጋቾች ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ሲሄዱ ቁራኛ ይባሉ ነበር፤ አንዱን ያለሌላው ማግኘት አይቻልም። እርግጥ ቁራኛ መቀራረብን ያስባል፤ የብርሃን ቅንጣቶች ግን እጅግ ተራርቀውም ቁርኝታቸው ይጸናል፤ በእርሱ ብቻም መልእክት አይተላለፍም። ይህን ፍቺው ውስጥ መጻፍ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ፈንታ ነው።