የለመደ እጅና አዲስ ሶፍትዌር

የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር አዲስ ስሪት ሲወጣ አብዝቶ የሚፈተነው በአሮጌው የተካነው ባለሙያ ነው። ጀማሪ ከዜሮ ስለሚነሣ የሚተወው ልማድ የለውም። ባለሙያው ግን እጁ ሳያስብ የሚሠራውን ሁሉ መልሶ ማጤን ይገደዳል። የአፕል ኩባንያ ምርት የሆነው ፋይናል ከት ፕሮ በ2011 ያለፈበት ለውጥ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሶፍትዌሩ ለገበያ የቀረበው በ1999 ነበር። በ2003 የወጣው «ኮልድ ማውንቴን» በዚሁ ሶፍትዌር ተቀናብሮ ኤዲተሩን ዋልተር መርችን ለኦስካር አሳጨው። በ2010 ለእይታ የበቃው «ዘ ሶሻል ኔትወርክ» ደግሞ በፋይናል ከት ተቀናብሮ የኤዲቲንግ ኦስካር ወሰደ። ይሁን እንጂ በ2009 የወጣው ሰባተኛው ስሪት ውስጡ አርጅቶ ነበር። የተጻፈው ለ32 ቢት ስለሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ መጠቀም አይችልም፤ በ32 ቢት ሊለዩ የሚችሉት የሜሞሪ አድራሻዎች ከ4.3 ቢሊዮን አይበልጡምና። ኮምፒዩተሩ 16 ጊጋባይት ቢኖረውም ትርፉ ለሶፍትዌሩ አይደርሰውም። ከባድ ኢፌክት በተጨመረ ቁጥር ኤዲተሩ ሬንደር (ኢፌክቱን አስልቶ ወደሚታይ ምስል የመለወጥ ሥራ) እስኪያልቅ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። በመጨረሻ አፕል ሶፍትዌሩን ከመሠረቱ እንደ አዲስ ጻፈው።

ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስ ጁን 21 ቀን 2011 ወጣ። 64 ቢት ሆነ፤ ሬንደሩንም ሥራ ሳያስቆም ከበስተጀርባ ማካሄድ ቻለ። ባለሙያዎችን ያስደነገጠው ግን ክሊፖች በቅደም ተከተል የሚደረደሩበት የታይምላይኑ አሠራር መለወጡ ነው። በቀድሞው ስሪት ምስልና ድምፅ በተደራረቡ ትራኮች ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ክሊፕ ሲነሣ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ሌሎቹም ካሉበት አይነቃነቁም። አዲሱ ስሪት ትራኮቹን አስቀርቶ አንድ ዋና የታሪክ መስመር ዘረጋ። ክሊፖቹ በመስመሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ይሰለፋሉ፤ አንዱ ሲወጣ ቀሪዎቹ ተጠጋግተው ክፍተቱን ይዘጋሉ። ተጨማሪ ምስልና ሙዚቃ በዋናው መስመር ላይ ካለ ክሊፕ ጋር ይታሰራል፤ ያ ክሊፕ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይሄዳል።

የጎደለውም ብዙ ነበር። አዲሱ ስሪት የሰባተኛውን ፕሮጀክት አይከፍትም። በበርካታ ካሜራ የተቀረጸን ትዕይንት አመሳስሎ መቁረጥ አይቻልም ነበር። ሥራን ወደ ሌላ ሶፍትዌር የሚያሻግረው የኤክስኤምኤል ፋይልም አልነበረውም። ኤክስኤምኤል በሴፕቴምበር 2011፣ የበርካታ ካሜራ ቅንብር በጃንዋሪ 2012 ተጨመሩ። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ ባለሙያዎች ተፎካካሪ ሶፍትዌሮች ወደሆኑት ወደ አዶቤ ፕሪሚየር ፕሮና ወደ አቪድ ሄደው ነበር።

የባህሪያቱ መጉደል በጊዜ ተስተካከለ፤ የእጅ ልማድ ግን በማሻሻያ ፋይል አይለወጥም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፖል ፊትስና ማይክል ፖስነር በ1967 እንደገለጹት ክህሎት በሦስት ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ ሰውየው እያንዳንዱን እርምጃ እያሰበ ይሠራል፤ ቀጥሎ እርምጃዎቹ ይያያዛሉ፤ በመጨረሻ ሥራው ያለ ሐሳብ በራሱ ይሄዳል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ኤዲተር ሐሳቡን ለታሪኩ ይሰጣል፤ ቁልፎቹን የሚያገኘው ጣቱ ነው። አዲሱ ስሪት ይህን ሰው ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመልሰዋል።

መመለሱን የሚያከብደው የአሮጌው ልማድ ጣልቃ መግባት ነው። ጣልቃ ገብነቱ የሚበረታው ያው ምልክት ሌላ ምላሽ ሲጠይቅ ነው። በሰባተኛው ስሪት የዲሊት ቁልፍ ክሊፑን አጥፍቶ ክፍተት ይተዋል፤ ከሺፍት ጋር ሲጫን ግን ክፍተቱን ይዘጋል። በኤክስ ነገሩ ተገላበጠ፤ ዲሊት ብቻውን ክፍተቱን ይዘጋል፣ ከሺፍት ጋር ባዶ ቦታ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለው መገላበጥ ፈጽሞ አዲስ ከሆነ ቁልፍ ይበልጥ ያሳስታል፤ ለአዲስ ቁልፍ ጣት የሚያውቀው ምላሽ የለምና።

በአንጻሩ ያልተለወጠው ሁሉ ሽግግሩን ያቀላል። በጄ፣ በኬና በኤል ቁልፎች ወደ ኋላ ማጫወት፣ ማቆምና ወደ ፊት ማጫወት፣ በአይና በኦ መግቢያና መውጫ ነጥብ ማስቀመጥ በሁለቱም ስሪቶች አንድ ነው፤ በፕሪሚየር ፕሮም እንዲሁ። የት እንደሚቆረጥና የተናጋሪው ፊት ስንት ፍሬም እንደሚቆይ የሚወስነው ዓይንም ከስሪት ወደ ስሪት ሳይጎድል ይሻገራል።

ሌላው እንቅፋት የኮምፒዩተር አጠቃቀም ተመራማሪዎቹ ጆን ካሮልና ሜሪ ቤት ሮሰን በ1987 ያመለከቱት ነው። ሥራ የያዘ ሰው ለመማር ጊዜ አይሰጥም፤ በሚያውቀው መንገድ እየታገለ ሥራውን መጨረስ ይመርጣል። አዲሱን ታይምላይን እንደ አሮጌው ትራክ ለመጠቀም የሚሞክር ኤዲተር በየክሊፑ መካከል ባዶ ቦታ እየሰካ ይደክማል፤ አዲሱ አሠራር የሚሰጠውን ጥቅምም ያጣል።

በዚህ ምክንያት የተጀመረን ሥራ በአሮጌው ስሪት ጨርሶ አዲሱን ጥድፊያ በሌለበት አጭር ሥራ መልመድ ይመረጣል። መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ሶፍትዌሩ ክሊፕን፣ ፕሮጀክትንና ታይምላይንን እንዴት እንደሚያያይዝ ነው፤ የቁልፎቹ ጥናት ከዚያ በኋላ ይከተላል። ኪቦርዱን በአሮጌው ልማድ ማስተካከል ለጊዜው ያፈጥናል፤ ነገር ግን ባለሙያው በሌላ ስቱዲዮ ኮምፒዩተር ላይ ሲቀመጥ እንደገና እንግዳ ያደርገዋል።

በፕሮጀክት ፋይል በኩል ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአዲስ ስሪት የታደሰ ፋይል በአብዛኛው ወደ አሮጌው አይመለስም፤ ስለዚህ ከመታደሱ በፊት ቅጂው ለብቻ ይቀመጣል። አሮጌውን ስሪት ይዞ መቆየትም ገደብ አለው። በ2017 የወጣው ማክኦኤስ ሃይ ሲየራ ሰባተኛውን ፋይናል ከት መክፈት አቆመ። ፕሮጀክታቸውን ቀደም ብለው በኤክስኤምኤል ያላወጡ ሰዎች ሥራቸውን ለመክፈት አሮጌ ሲስተም ያለው ኮምፒዩተር መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ለመሻገር የሚመቸው ጊዜ ሁለቱም ስሪቶች ጎን ለጎን የሚሠሩበት ወቅት ነው።