ካያክ ተሸክሞ ጫካ ማቋረጥ፦ ወገብና ትከሻ እንዳይጎዳ ምን ይጠቅማል?

ካያክ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ክብደቱ አይታወቅም። ችግሩ የሚጀምረው ውሃው ሲያልቅ ነው። በሁለት ሐይቆች መሀል ጫካ አለ፣ ወይም ወንዙ ላይ ፏፏቴ ይገጥማችኋል። ያኔ ጀልባውን አውጥቶ፣ ተሸክሞ ወደ ቀጣዩ ውሃ መሄድ ግድ ነው። ይሄ በእግር የሚታለፍ መንገድ «ፖርቴጅ» ይባላል፤ ቃሉ መሸከም ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

በዚህ ከሚታወቁ ቦታዎች አንዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሚኒሶታ፣ ከካናዳ ድንበር ጋር የሚገኘው «ባውንደሪ ዋተርስ» ነው። ከ1,000 በላይ ሐይቆች አሉት። ብዙ ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታለፈው በሸክም ነው።

ምን ያህል ይከብዳል?

ብዙዎቹ የፕላስቲክ ካያኮች ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናሉ። በውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው፣ ወይም ከዚያ በላይ። ልዩነቱ ጀሪካን አጭር ነው፤ ካያክ ግን ከ3 እስከ 5 ሜትር ይረዝማል። ንፋስ ይገፋዋል፣ ቅርንጫፍ ይይዘዋል።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ጉልበት አለኝ ወይ?» ሳይሆን «ክብደቱ የት ነው የሚያርፈው?» የሚለው ነው። በእጅ ካንጠለጠላችሁት ጣትና ክንድ ቶሎ ይዝላል። አንድ ትከሻ ላይ ብቻ ካደረጋችሁት ወገብ ወደ ጎን ይጣመማል። እናቶቻችን ልጅ በአንቀልባ ሲያዝሉ ክብደቱ ጀርባቸው ላይ ያርፋል፣ እጃቸውም ለሥራ ነፃ ይሆናል። የካያክ መሸከሚያ ዕቃዎችም ሥራቸው ያው ነው።

ምን ምን አማራጭ አለ?

1. ቀንበር። ልክ እንደ በሬ ቀንበር በጀልባው ወርድ የሚጋደም ሆኖ፣ ትከሻ የሚነካበት ቦታ ላይ ሁለት ለስላሳ ትራሶች አሉት። ጀልባው ተገልብጦ ከጭንቅላት በላይ ይሆናል፣ ክብደቱም ሁለቱም ትከሻ ላይ እኩል ይከፈላል። ካኑ የሚባለው ክፍት ጀልባ ብዙ ጊዜ መሀሉ ላይ ቀንበር አለው። ካያክ ግን የለውም፤ መቀመጫው ክፍተት ጠርዝ ላይ የሚታሰር ተነቃይ ቀንበር ለብቻው ይገዛል። ከመግዛታችሁ በፊት የክፍተቱን ስፋት ለኩ።

2. ማንገቻ። ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ ነው። ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ለአጭር መንገድም በቂ ነው። ሁለት ሰው ካላችሁ በጀልባው ፊትና ኋላ ሥር አሳልፋችሁ በየትከሻችሁ አንግቱት። የፊተኛው ሰው ድንጋይና ጉድጓድ ሲያይ ጮክ ብሎ ይናገር፤ ለኋለኛው መንገዱ አይታየውም።

ማንገቻ አዲስ ነገር አይደለም። በ1700ዎቹ በዚሁ አካባቢ የፀጉር ቆዳ ንግድ ሠራተኞች ከነባር ሕዝቦች የተማሩትን ማንገቻ ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ እያንዳንዳቸው 41 ኪሎ ገደማ የሆኑ ሁለት ጥቅሎችን በአንድ ጊዜ ይሸከሙ ነበር። እነሱ ለእንጀራቸው ነው፤ እናንተ ለመዝናናት ነው የሄዳችሁት። አንገታችሁ ላይ አትሞክሩት።

3. ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ። ክብደቱን መሬቱ ስለሚሸከምላችሁ ከሁሉም ይቀላል። ጀልባው መሀል አካባቢ ካሰራችሁት ሚዛኑን ይጠብቃል፣ እጃችሁ የሚጎትተው ብቻ ይሆናል። ለአሸዋ ሰፊ ጎማ ይሻላል። ድንጋይ፣ የዛፍ ሥርና ጭቃ በበዛበት መንገድ ግን ጋሪው ራሱ ሸክም ይሆንባችኋል።

እዚህ ጋ ልብ በሉ! ባውንደሪ ዋተርስ ውስጥ በስም ከተጠቀሱ ጥቂት መንገዶች በስተቀር ጋሪ መጠቀም ክልክል ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ቦታ ደንብ አንብቡ።

ምንም ዕቃ ከሌለስ?

ላይፍ ጃኬታችሁን አታውልቁ። ትከሻ ላይ ያለው ስፖንጅ እንደ ትራስ ያገለግላል። ጀልባው ውስጥ የቀረውን ውሃም ጨርሳችሁ አፍስሱ፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። የጣና ዓሣ አጥማጆች የደንገል ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው የሚያደርቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደንገል ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል።

ስታነሱ ወገባችሁን አትጉበጡ። ጉልበታችሁን አጥፉ፣ መጀመሪያ ጭናችሁ ላይ አሳርፉት፣ ከዚያ ወደ ትከሻ።

ርቀቱን ቀድማችሁ አስሉ

ባውንደሪ ዋተርስ ካርታ ላይ የፖርቴጅ ርዝመት የሚጻፈው በሜትር ሳይሆን «ሮድ» በሚባል መለኪያ ነው። 1 ሮድ 5 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ካርታው 80 ካለ 400 ሜትር ማለት ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ግን መጀመሪያ ጀልባውን አድርሳችሁ፣ ተመልሳችሁ ጓዛችሁን ካመጣችሁ መንገዱን ሦስት ጊዜ ሄዳችሁታል። 400 ሜትሩ 1,200 ሆነ! በቀን አራት እንዲህ ያለ ፖርቴጅ ካለ ደግሞ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ለዚህ ነው ጓዝ መቀነስ ከማንኛውም ውድ ዕቃ የሚበልጠው። ሁሉንም በአንድ ዙር ማሻገር ከቻላችሁ፣ ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛውን ቀነሳችሁ ማለት ነው።

እናንተስ እስካሁን ከተሸከማችሁት ሁሉ የከበዳችሁ ምን ነበር? ኮሜንት ላይ አጫውቱን። በዚህ ክረምት ወደ ሐይቅ ለሚሄድ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።